ሥዕለ ኅሊና ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጠው ድጋፍ

በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ብርታትና ኃይል ነው። እንግዲህ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው አንድ የአካል ክፍል ብቻ ሳይሆን በገዛ ራሱ ላይ የነበረውን እምነትም ያጣ ቢመስለው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገሩ የቃል መመሳሰል ብቻ እንዳልሆነም የሕክምናና የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የደረሱበት ውጤት ይመሰክራል።

በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሌር አርደርንና ጓደኞቿ የተበጠሰ የጉልበት ጅማታቸው በቀዶ ጥገና የተተካላቸውን ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎች የሚመለከቱ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። ከነዚህ ሰዎች 81 ከመቶ የሚሆኑት ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ተመልሰዋል፤ ወደ ቀድሞው ደረጃቸው የተመለሱት ግን 65 ከመቶ፥ ወደ ውድድር የተመለሱት ደግሞ 55 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከቀሩት መካከል ጉልበታቸው ሲመረመር ደኅና ሆኖ የተገኘ ብዙዎች አሉ። ታዲያ ያስቀራቸው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ዋነኛው «እንደገና ይበጠስብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ጅማቱን በሚገባ ከተካ በኋላም ያልተጠገነ ነገር ሊቀር ይችላል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቀሪ ነገር ለመጠገን ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱን፥ ይኸውም ሕመምተኛው በዓይነ ኅሊናው የሚስለውን ሥዕል፥ ለጓደኞቼ ተማሪዎች ማስረዳት ነው። አሳቡን በአጭሩ ለመግለጥ ያህል፥ ሥዕለ ኅሊና ጅማት አይሰፋም፤ ነገር ግን አንጎል ጡንቻን የሚያዝበት መንገድ እንዳይዘጋ ይረዳል፤ ፍርሃትንም ይገራል። ከዚህ አሳንሶ መገመት ጥቅሙን ማባከን ነው፤ ከዚህ አስበልጦ መናገርም ሕመምተኛን ማታለል ነው።

ሀ. ጅማቱና ጥገናው

በጉልበት መካከል በሰያፍ የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። እርስ በርሳቸው እንደ መስቀል ስለሚተላለፉ መስቀለኛ ጅማቶች ይባላሉ። የፊተኛው ተግባር የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት ተንሸራቶ እንዳይወጣ፥ ጉልበትም ያለ መጠን እንዳይጠማዘዝ መግታት ነው። ኳስ ተጫዋች እየሮጠ ሳለ በድንገት ሲታጠፍ ወይም ዘሎ ክፉኛ ሲያርፍ ይህ ጅማት ይበጠሳል፤ ብዙውን ጊዜም ማንም ሳይነካው ነው። ከዚያ በኋላ እብጠቱ ቢወርድም፥ ሰውየው አቅጣጫ ለመለወጥ በሞከረ ቁጥር ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል።

ቀዶ ጥገና አድራጊው የተበጠሰውን ጅማት መልሶ ከመስፋት ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ይተካዋል። ተተኪው ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከራሱ ከሕመምተኛው አካል ነው፤ ወይ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፥ ወይም ከጭን በስተኋላ ካሉት ጡንቻዎች ጅማት ይቆረጣል። በጭንና በቅልጥም አጥንቶች ላይ ቀዳዳ ተሰርስሮ ተተኪው በዚያ ያልፍና ይታሰራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፥ የተተከለው ጅማት መጀመሪያ የደም ሥር የለውም። ቀስ በቀስ የደም ሥር ይበቅልበታል፤ ሕዋሳቱም በአዲስ ይተካሉ። በዚህ መለወጫ ጊዜ፥ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ጅማቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል። ሕመምተኛው «አሁን ተሻለኝ» የሚልበት ወቅትና ጅማቱ የሚደክምበት ወቅት ሊገጣጠሙ ይችላሉ። በ2016 በኖርዌይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ ወደ ስፖርት መመለሱ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር እንደገና የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ሁለተኛው የጭን የፊት ጡንቻ ነገር ነው። ጉልበት ሲያብጥ ይህ ጡንቻ እንደ ሰነፈ ሠራተኛ ሥራውን ይተዋል። ሕመምተኛው እግሩን ለማንሣት ቢፈልግም ጡንቻው አይታዘዝለትም። ምክንያቱ የፈቃድ ማነስ አይደለም፤ ከተጎዳው መገጣጠሚያ የሚነሣው መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር ደርሶ ትእዛዙን ስለሚገታው ነው። በ1965 በወጣ ጥናት፥ በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ በመጨመር ብቻ የጡንቻው ሥራ እንደሚቀንስ ታይቷል። እንግዲህ የተቀደደው ሥጋ ከዳነ በኋላም በአንጎልና በጡንቻ መካከል ያለው ግንኙነት ተበላሽቶ ሊቆይ ይችላል። የሥዕለ ኅሊና ጥቅም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለ. ሥዕለ ኅሊና ስንል ምን ማለታችን ነው

ሥዕለ ኅሊና ማለት በውጭ የሌለውን ነገር ወይም ገና ያልተደረገውን እንቅስቃሴ አስቦ፥ እንደሚያዩት፥ እንደሚሰሙትና በአካል እንደሚሰማ አድርጎ በውስጥ መፍጠር ነው። የቀን ሕልም ከሚባለው የሚለየው በፈቃድ፥ በሥርዓትና ለታወቀ ዓላማ የሚደረግ በመሆኑ ነው። ለጉልበት ሕሙማን የሚያገለግሉት በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የዕረፍት ሥዕል ነው። ሕመምተኛው በቀስታ እየተነፈሰ ሰላም የሚሰማውን ስፍራ ያስባል፤ የዚህም ጥቅም የጡንቻን መጨበጥና ጭንቀትን መቀነስ ነው። ሁለተኛው የፈውስ ሥዕል ነው፤ በጉልበቱ ውስጥ እየተካሄደ ያለውን ጥገና፥ ለምሳሌ እብጠት ሲወርድና የደም ሥር ሲበቅል፥ ያስባል። ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሥዕል ነው፤ እግሩን ሲዘረጋ፥ ደረጃ ሲወጣ፥ ሲሮጥ ራሱን ያስባል። አራተኛው የመቋቋም ሥዕል ነው፤ ሕመም ወይም ድንጋጤ ሲመጣበትና እርሱም ተረጋግቶ ሲያልፈው ያስባል።

ሥዕሉን ከሁለት ወገን ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ራሱን ልክ በሲኒማ እንደሚታይ ተዋናይ ከውጭ ሊመለከት ይችላል፤ ወይም ከገዛ ዓይኑ ወደ ውጭ እያየ የጡንቻውን መወጠርና የእግሩን መሬት መርገጥ ከውስጥ ሊሰማው ይችላል። የእንቅስቃሴውን ቅርጽ ለመማር የመጀመሪያው ይረዳል፤ የተዘጋውን የአንጎልና የጡንቻ መንገድ ለማነቃቃት ግን ሁለተኛው ይመረጣል።

ሐ. አሳብ ጡንቻን እንዴት ሊነካ ይችላል

አሳብ ብቻውን አካልን ሊያንቀሳቅስ ይችላል የሚለው አስተያየት አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፔንተር በ1852 የእንቅስቃሴ አሳብ ያለ ሰውየው ፈቃድ ጥቂት የጡንቻ እንቅስቃሴ ሊያስነሣ እንደሚችል ጽፏል። ጡንቻን በተራ በማዝናናት ዘዴው የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፥ ሰዎች ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንደሚያጥፉት ባሰቡ ጊዜ በዚያው ክንድ ጡንቻ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት መዝግቧል።

በ1989 ዣን ዴሴቲና ጓደኞቹ በፈረንሳይ አገር አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ሰዎች አንድን ርቀት በእግራቸው ሲሄዱና ያንኑ ርቀት እንደሚሄዱ በዓይነ ኅሊናቸው ሲያስቡ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱም ጊዜያት ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ይህም ማሰብና ማድረግ በአንጎል ውስጥ በከፊል አንድ መሣሪያ እንደሚጠቀሙ ያመለክታል። አንጎልን ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህም እንቅስቃሴን በማቀድ የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች በማሰብ ጊዜም እንደሚሠሩ ተረጋግጧል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙዎችን ያስገረመው በ1992 ጓንግ ዩና ኬሊ ኮል ያወጡት ውጤት ነው። ሰዎች ለ4 ሳምንት ትንሿን ጣታቸውን በኃይል መግፋትን ተለማመዱ፤ አንዱ ክፍል በእውነት፥ ሌላው በአሳብ ብቻ። በእውነት የተለማመዱት ኃይላቸው 30 ከመቶ ሲጨምር፥ በአሳብ ብቻ የተለማመዱትም 22 ከመቶ ጨመሩ፤ ምንም ያልተለማመዱት ግን 4 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። ጡንቻ በአሳብ ሊወፍር ስለማይችል፥ የጨመረው ነገር ትእዛዝ ሰጪው ዘንድ ያለ መሆን አለበት።

ለጉልበት ሕመምተኛ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በ2014 በአሜሪካ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የብራየን ክላርክ ቡድን ያደረገው ፈተና ነው። ጤናማ ሰዎች እጃቸው ለ4 ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ከታሰሩት መካከል ጡንቻቸውን በኃይል እንደሚያጠነክሩ በየጊዜው ያስቡ የነበሩት የጠፋባቸው ኃይል ሳያስቡ ከተቀመጡት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆነ።

ይሁን እንጂ ፍርድ እንዳይዛባ ተቃራኒውንም መናገር ይገባል። በ1998 በአውስትራሊያ ክርን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች በአሳብ ያለማመዱ ተመራማሪዎች ከማይለማመዱት የበለጠ ለውጥ አላገኙም። ስለዚህ ውጤቱ በሁሉም ጡንቻና በሁሉም ሰው ላይ እኩል ነው ማለት አይቻልም።

መ. በጉልበት ሕሙማን ላይ የተደረጉ ፈተናዎች

ጤናማ ጣትና የተቀደደ ጉልበት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄው ለራሳቸው ለሕሙማኑ ቀርቧል።

በ2001 ዴቦራ ኩፓልና ብሪተን ብሩወር የፊተኛው መስቀለኛ ጅማታቸው የተተካላቸውን 30 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ክፍል ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ በላይ 10 ጊዜ የመዝናናትና የሥዕለ ኅሊና ልምምድ ተሰጠው። ሁለተኛው ክፍል ትኩረትና ማበረታቻ ብቻ አገኘ፤ ሦስተኛው ከፊዚዮቴራፒው በቀር የተጨመረለት ነገር አልነበረም። ከቀዶ ጥገናው 24 ሳምንት በኋላ ሲለኩ፥ የመጀመሪያዎቹ ከሁለቱም ክፍሎች ይልቅ ጉልበታቸው ጠንክሮ፥ የዳግም ጉዳት ፍርሃታቸውና ሕመማቸውም ቀንሶ ተገኘ። የሁለተኛው ክፍል መኖር ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ውጤቱ «ሰው ስላሰበላቸው ብቻ የመጣ ነው» የሚለውን ጥርጣሬ ይቀንሳልና።

በ2012 በፈረንሳይ የሊዮን ተመራማሪዎች በ12 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ፈተና፥ የጭን ጡንቻቸውን እንደሚያጠነክሩ ያሰቡት ሰዎች ጡንቻቸው በእውነት ሲሠራ ይበልጥ ተነቃቅቶ ታየ፤ ሕመማቸው ግን ከሌሎቹ አላነሰም። በዚያው ዓመት በኒው ዚላንድ ራልፍ ማዲሰንና ጓደኞቹ 21 ሕሙማንን መርምረው፥ ሥዕለ ኅሊና የተለማመዱት የጉልበታቸው መላላት አንሶ፥ በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ኖርአድሬናሊንም ቀንሶ አገኙ፤ በጡንቻ ኃይል ረገድ ግን ልዩነት አላገኙም።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ የሚጠይቀው አለ። አንዱ ጥናት ሕመም ቀነሰ ሲል ሌላው አልቀነሰም ይላል፤ አንዱ ኃይል ጨመረ ሲል ሌላው አልጨመረም ይላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ የሰዎቹ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ በ12 ወይም በ30 ሰው ላይ የተመሠረተ ውጤት መንገድ ያመለክታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ሁለተኛ፥ ሁሉም ሥዕለ ኅሊና ይበሉት እንጂ የተለማመዱት አንድ ነገር አይደለም። ጡንቻ ማጠንከርን ብቻ ያሰበ ሰው ጡንቻው ቢነቃቃለትና ሕመሙ ባይቀንስለት፥ መዝናናትንና ፍርሃትን ማሸነፍን ጭምር የተለማመደው ደግሞ ፍርሃቱ ቢቀንስለት፥ ይህ እርስ በርስ መጣረስ አይደለም። የተዘራው ነው የበቀለው።

ሠ. አሠራሩ

በ2001 ፖል ሆልምስና ዴቪድ ኮሊንስ ሥዕለ ኅሊና ፍሬ እንዲሰጥ ሰባት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል ብለዋል፤ እነዚህም የአካል ሁኔታ፥ አካባቢ፥ ተግባር፥ ጊዜ፥ ትምህርት፥ ስሜትና አመለካከት ናቸው። በተራ አነጋገር፥ ሕመምተኛው የሚያስበው ነገር ከሚያደርገው ነገር ጋር በተቻለ መጠን ይመሳሰል፤ ፍጥነቱም አንድ ይሁን፤ እየተሻለው ሲሄድ ሥዕሉም አብሮት ይደግ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፥ ጉልበቱ ባበጠበትና በክራንች በሚሄድበት ጊዜ፥ የዕረፍትና የፈውስ ሥዕል ይቀድማል። ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ዓይንዎን ይክደኑ። ትንፋሽዎን በቀስታ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ቀስ ብለው ያስወጡ። አሁን ጭንዎን ያስቡ። ጉልበትዎ ወደ ታች ሲጫን፥ ጡንቻው ሲጠብቅና የጉልበትዎ ሎሚ ወደ ላይ ሳብ ሲል ይሰማዎት። አሁን ይልቀቁት።» ይህን ካሰበ በኋላ ያንኑ ወዲያው በእውነት ይሞክራል። አሳቡ ለተግባሩ በር ከፋች ይሆናል።

ለፈውስ ሥዕል የሚመረጠው ምሳሌ ከሕመምተኛው ኑሮ ቢወጣ ይሻላል። ቃጫ ሲገመድ ያየ ሰው የተተከለውን ጅማት ክር በክር እየተጠማዘዘ እንደሚጠነክር ገመድ ቢያስበው ሥዕሉ ቶሎ ይመጣለታል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ንግግር ቃል በቃል እየተረጎሙ ማንበብ ግን ጆሮን እንጂ ዓይነ ኅሊናን አይደርስም። የሥነ ልቡና ተማሪዎችና የቋንቋ ተማሪዎች አብረው ሊሠሩበት የሚገባ መስክ ይህ ነው እላለሁ።

በሚቀጥሉት ወራት የእንቅስቃሴ ሥዕል ይበዛል፤ ያለ ክራንች መራመድ፥ ደረጃ መውረድ፥ ቀስ ብሎ መሮጥ። የሌላውን አርአያ ማየትም ይረዳል። እነ ማዲሰን በ2006 ባወጡት ሌላ ጥናት፥ ከነሱ በፊት ቀዶ ጥገና ያለፉ ሰዎች እንዴት እንደተቋቋሙት የሚያሳይ ፊልም የተመለከቱ ሕሙማን የሚጠብቁት ሕመም ቀንሶ፥ በክራንች ለመሄድ ያላቸውም እምነት ጨምሮ ተገኝቷል።

በመጨረሻው ጊዜ፥ ወደ ሜዳ መመለስ ሲቃረብ፥ የመቋቋም ሥዕል ዋናውን ስፍራ ይይዛል። ተጫዋቹ ጉዳት የደረሰበትን ዓይነት መታጠፍ በዓይነ ኅሊናው ይደግመዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን በትክክል ያርፋል። ልቡ ሲመታ ይሰማዋል፤ ይተነፍሳል፤ ይቀጥላል። ፍርሃቱ እንዳለ እንዲያውቀውና እንዲለማመደው እንጂ እንዲደብቀው አይደረግም። በ2008 ኬት ዌብስተርና ጓደኞቿ ያዘጋጁት 12 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ ሕመምተኛው ለመመለስ በመንፈሱ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ለመለካት ያገለግላል፤ የጡንቻ ኃይል እንደሚለካ ሁሉ የልብ ዝግጁነትም ሊለካ ይቻላልና።

ረ. ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

አንደኛ፥ ሥዕለ ኅሊና የፊዚዮቴራፒ ጓደኛ እንጂ ምትክ አይደለም። ከላይ በተጠቀሱት የጉልበት ፈተናዎች ሕሙማኑ የተለመደውን ልምምድ ያደርጉ ነበር።

ሁለተኛ፥ ድፍረት ከጊዜው ቀድሞ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጅማቱ ገና ሳይጠነክር ፍርሃቱ ብቻ ቢጠፋ ሕመምተኛው ወደ ሜዳ ሮጦ መልሶ ይጎዳል። ፍርሃት አንዳንድ ጊዜ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው የሚሰናበተው ቤቱ ከታነጸ በኋላ ነው። ስለዚህ የትኛው ሥዕል መቼ ይሰጥ የሚለውን ባለሙያው ከቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጋር መክሮ መወሰን አለበት።

ሦስተኛ፥ ሁሉ ሰው እኩል አይስልም። በ2015 አዳም ዘማን የተባለው የነርቭ ሐኪም በዓይነ ኅሊናቸው ምንም ሥዕል ሊያዩ የማይችሉ ሰዎች እንዳሉ ገልጾ ለሁኔታው ስም ሰጥቶታል። እንዲህ ላለው ሰው «ዝም ብለህ ሳል» ማለት በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ለእርሱ የጡንቻን ስሜት፥ ትንፋሽን ወይም ቃልን መጠቀም ይሻላል።

አራተኛውና ከባዱ ነገር የሕሊና ወቀሳ ነው። «አጥብቀህ ብታስብ ትድናለህ» የተባለ ሰው ማገገሙ ቢዘገይ «ያላሰብሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ይከሳል። እብጠትን የሚያቆየውና ጅማትን የሚያደክመው የሥጋ ሕግ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ድጋፍ ማለት ሸክምን ማቅለል ነው፤ የሐኪሙን ሸክም በሕመምተኛው ላይ መጨመር አይደለም።

ማጠቃለያ

የቀዶ ጥገና ጥበብ ጅማትን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መተካት ይችላል። አንጎል ግን አዲሱን ጉልበት እንደ ራሱ አድርጎ እስኪያምነው ድረስ ወራት ይወስድበታል። በነዚህ ወራት ሕመምተኛው ብዙውን ሰዓት ብቻውን፥ እግሩን ዘርግቶ፥ የሚመጣውን እያሰበ ያሳልፋል። ማሰቡ አይቀርም፤ ማንም ባያስተምረው የተበጠሰበትን ቅጽበት ደጋግሞ በዓይነ ኅሊናው መሳሉ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ይሳል ወይስ አይሳል የሚል ሳይሆን ምን ይሳል የሚል ነው።

መልሱን ለመስጠት የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፥ የሠለጠነ ሰውና በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የቀረው ነገር በብዙ ሰዎች ላይ የሚደረግ፥ የትኛው ሥዕል ለየትኛው ጊዜ እንደሚስማማ ለይቶ የሚመረምር ጥናት ነው። ሕክምናን፥ ሥነ ልቡናንና የአካል ማሠልጠኛን የምንማር ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ልንገናኝ እንችላለን፤ የተጎዳው ሰው ጉልበት የሚለው ቃል የያዛቸውን ሁለቱንም ነገሮች መልሶ ማግኘት አለበትና።